ወንድሜን የጠረጠርሁበት የጽጌ ወር

ጳጉሜን 3

ትናንት ገባሁ። ሦስት ወር ኔዘርላንድ ቆይቼ ላሊበላ ስገባ እማዬ እስከ ዋናው መንገድ ወጥታ ጠበቀችኝ። ግቢው ውስጥ ጎረቤት ሞልቷል። አባዬ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። በቀኝ ጎናቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል እኔን አልፈው ወደ ፊት ሄዱ። እማዬ «የትናዬ መጥታለች እኮ፣ አጠገብዎ ናት» ስትላቸው ነው ዞረው ያቀፉኝ። ሰው ሁሉ አየ።

በሰኔ «ሂጂ» ያሉኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አሁን ምን አስቀየማቸው?

ያመጣሁላቸውን ሰማያዊ ሹራብ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው «ጥቁር ይስማማኛል» አሉ። አላረምኋቸውም።

ወንድሜ ወርቅአገኘሁ ከስቷል። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ለአስጎብኚ ሥራ የለም። ግን ሰፊ ስክሪን ያለው አዲስ ስልክ ይዟል። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «አንድ ሰው ሰጠኝ» አለ። ማን? «አታውቂውም።»

መስከረም 1

ሲያመሽ ዝናብ ነበር። አባዬ ለአዲስ ዓመት ሁላችንንም መረቁ። እኔን ሲመርቁ እጃቸው ከራሴ ጎን አረፈ፣ ከዚያ ወደ ራሴ መጣ። ወርቅአገኘሁ አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ ነገር በጆሯቸው ይላቸዋል። በፊት እነዚህ ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። የቆሎ ተማሪነቱን ጥሎ አስጎብኚ የሆነ ቀን አባዬ ሳምንት ሙሉ አላናገሩትም። አሁን ምን አዋደዳቸው?

መስከረም 6

ሻንጣዬ ተነካክቷል። ልብሴ የታጠፈው እኔ በማጥፈው አይደለም። የጠፋ ነገር የለም፣ ግን ከታች ያለችው ፖስታ ቦታዋን ለቃለች።

ስለ ፖስታዋ እዚህ ልጻፍ፤ ለማንም አልተናገርሁም። ዩኒቨርሲቲዬ ለሥራ ልምምድ በላከኝ ላቦራቶሪ ሥራዬ የዓይን ነርቭ ፎቶዎችን መለየት ነበር፤ ግላኮማ የሚባለው፣ ነርቩን ቀስ በቀስ የሚጎዳው በሽታ ያለበትንና የሌለበትን። አራት ሺህ ያህል አየሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አዲስ ማሽን መጣና የሚሞከርበት ጤነኛ ሰው ሲፈለግ እኔ ተቀመጥሁ። ኃላፊዬ ዶክተር ማርየት ውጤቱን ደግማ አየችው። ቀጥላ «በቤተሰባችሁ ዓይኑን የታመመ ሰው አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኋት። «የሚያጠራጥር ነገር አለ፣ በሽታ ነው ማለት አይደለም፣ ግን በየዓመቱ መታየት አለብሽ» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል በእኛ ሲመለስ «ተጠርጣሪ» ማለት ነው።

እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። ወርቅአገኘሁ ያነባል። ምን ፈልጎ ነው ሻንጣዬ ውስጥ የገባው? ከውጭ የመጣ ገንዘብ ያለ መስሎታል?

መስከረም 11

ዛሬ አባዬ ደቀ መዛሙርቱን ሲያስተምሩ ከእልፍኙ ግድግዳ የተሰቀለውን የድጓውን ማኅደር አቧራ ልጠርግ አነሳሁት። ቀለለኝ። ውስጡ ባዶ ነው።

የአያታችን የብራና ድጓ፣ የዜማው መጽሐፍ። የእኛ ቢሆንም በቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከቤት እንኳ አይወጣም። እማዬን ጠየቅኋት።

«አባትሽ የት እንዳደረጉት እሳቸው ያውቃሉ» አለች፤ የምትለቅመውን ምስር ትታ ወደ ደጅ ወጣች። እማዬ መዋሸት አትችልበትም።

አባዬን በቀጥታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። እንደተቀየሙኝ እያወቅሁ እንዴት እጠይቃቸዋለሁ?

መስከረም 15

በችኮላ። ወርቅአገኘሁ ከጓሮ በስልክ ሲያወራ የሰማሁት፣ ሳልረሳው፦

«እሷ እስክትሄድ ጠብቅ አልልህም፣ አልቆብናል።»

«እቃው ሙቀት አይወድም። ሞተሩ አጠገብ እንዳታስቀምጠው።»

«እሷ ካወቀች ሁሉ ነገር ይበላሻል።»

እሷ እኔ ነኝ። ሙቀት የማይወደው ብራና ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ሹፌር ይመስለኛል የሚያወራው። በመኪና ሊያስወጡት ነው።

መስከረም 24

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። አባዬ በመቋሚያቸው ድንጋዩን እየነኩ ዳገቱን ሲወጡ አገኘኋቸው። መንገዱ ጠባብ ነው። በቀኛቸው በኩል፣ ክንዳቸውን ልነካ በምችልበት ርቀት ቆምሁ። «እንደምን ዋሉ» ለማለት አፌን ስከፍት አለፉኝ። ልክ ግንብ እንደሚታለፍ።

ቤት ገብቼ አለቀስሁ። እማዬ ምን ሆንሽ ስትለኝ ነገርኋት።

«እሳቸው እኮ ሲሄዱ ሐሳብ ይይዛቸዋል» አለች።

«ሰው ሰላም አይሉም?»

«ተያቸው፣ የትናዬ። ስላንቺ መጥፎ አያስቡም።»

ወርቅአገኘሁ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ዓይኑን ሳየው መሬት መሬት አየ። አባቴን ከእኔ ያጣላው ይህ ነው። እኔ በሌለሁበት ምን ሲላቸው ከርሟል? ልጅዎ ውጭ ወጥታ ሃይማኖቷን ረሳች? አትመለስም?

ጥቅምት 2

ጽጌ ከገባ የመጀመሪያው እሑድ ነው። ትናንት ማታ አባዬ የመጀመሪያውን ማኅሌት ሊመሩ ሲወጡ ወርቅአገኘሁ ክንዳቸውን ይዞ ወጣ። ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን ከደጅ ተሳልሞ የሚመለስ ሰው አሁን ሌሊቱን ሙሉ ከካህናት ጋር ያድራል። እዚያ ዕቃ ቤት አለ። ሌላም መጻሕፍት አሉ።

ጠዋት ማኅሌቱን ሰምተው የተመለሱ ሴቶች ስለ አባዬ «የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ድምፅ ዘንድሮ ልብ ይበላል፤ መጽሐፍ እንኳ አልዘረጉም፣ ሁሉን በቃላቸው» ሲሉ እማዬ «ተመስገን» ብላ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ጥቅምት 4

ዩኒቨርሲቲው የተማሪ ጥሪውን አራዘመ። መንገዱም ከጋሸና ወዲያ ተዘግቷል ይላሉ። ሁለት ሳምንት፣ ምናልባት ከዚያ በላይ።

የቀይ እስክሪብቶ ክዳን ይዤ አንድ ዓይኔን ሸፍኜ ከጎን ወደ መሀል እያመጣሁ ራሴን ሞከርሁ። ሁለቱም ዓይኔ ያያል። ያያል። ሦስት ጊዜ ሞከርሁት። እንዲህ ራስን መመርመር ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁ።

አባዬ ዛሬ የሻይ ብርጭቋቸውን በክርናቸው ገፍተው ሰበሩት። ብርጭቆው ቀኝ እጃቸው አጠገብ ነበር። እርጅና ነው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው።

ጥቅምት 8

አየሁት። በዓይኔ።

ወርቅአገኘሁ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ከአባዬ ክፍል ይዞ ወጣ። ራቅ ብዬ ተከተልሁት። ወደ ታች፣ በገበያው ጎን፣ ወደ በድሩ ኮፒ ቤት። በድሩ መጋረጃውን ከፍቶ ወደ ኋላ ክፍል አስገባውና መዝጊያውን ዘጋ። ወርቅአገኘሁ ሲወጣ ባዶ እጁን ነው።

በድሩን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ የትምህርት ቤት ማመልከቻዬን ሁሉ ያተመልኝ እሱ ነው። ሰው ግን ይለወጣል። ፎቶ አንስተው ለገዢ ሊልኩ ነው። ስልኩም ለዚሁ ነው።

ጥቅምት 9

ቄሰ ገበዝ ደግሰው ዘንድ ሄድሁ። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ከአባዬ ጋር አብረው የተማሩ። ጥላ ሥር ተቀምጠው ልብሰ ተክህኖ ይሰፉ ነበር።

«የአያቴ ድጓ ቤት የለም» አልኋቸው። «ወርቅአገኘሁ በጋቢ ጠቅልሎ ወደ በድሩ ኮፒ ቤት ሲያስገባ አይቼዋለሁ። በስልክም ስለ ማስወጣት ሲያወራ ሰምቻለሁ።»

መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው አቆሙ። «ልጄ፣ የምትይውን ታውቂያለሽ? ይኼ አገር ሰው በመጽሐፍ ስርቆት ከተጠረጠረ ሌላ ስም አይኖረውም።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«አባትሽ ምን አሉ?»

«አልነገርኋቸውም። እንዳይደነግጡ ብዬ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «እንዳይደነግጡ» ብለው ደገሙት፤ ከዚያ «ነገ እናያለን» አሉ።

ትክክል ነው ያደረግሁት። መጽሐፉ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የሀገር ነው። ወንድሜ ስለሆነ ዝም ማለት ነበረብኝ? ይህን ከጻፍሁ በኋላም ልቤ አላረፈም። ለምን አባዬን መጀመሪያ አልጠየቅኋቸውም? ምክንያቱን ለቄሰ ገበዙ ተናግሬያለሁ።

ጥቅምት 10

ቄሰ ገበዙ። ሁለት የደብሩ ጥበቃዎች። ገበያተኛው ሁሉ ተከትሎ። ወርቅአገኘሁን ከቡና ቤት ጠርተው አመጡት። እኔም ነበርሁ። አሁን አልችልም፣ ነገ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 11

ልጻፈው።

በድሩ ጥበቃዎቹን ሲያይ መጋረጃውን ራሱ ከፈተ። ጠረጴዛው ላይ ድጓው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። ከጎኑ የወረቀት ክምር። ትልልቅ ወረቀት። እያንዳንዱ ፊደል አውራ ጣት ያክላል፤ ከፊደሉ በላይ ያለው የዜማ ምልክት፣ በብራናው ላይ የትንኝ እግር የሚያህለው፣ እዚያ ጉንዳን ያክላል።

ቄሰ ገበዙ አንዱን ወረቀት አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይህን ያህል የሚጎላው ለማን ነው?»

ወርቅአገኘሁ የቀሩትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ።

«በድሩ?»

«እኔ ምን ብዬ...» አለ በድሩ። «ወር ሊሆነን ነው። እሱ እኔ በሰጠሁት ስልክ ፎቶ እያነሳ፣ እኔ እያጎላሁ። መጽሐፉን በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን ነው የያዝሁት፣ ወላሂ። ለማን እንደሆነ እሱ ይንገራችሁ።»

«ለአባቴ ነው» አለ ወርቅአገኘሁ። «ምልክቱን ማየት አቅቷቸዋል። በግንቦት ለሕክምና ዘመቻ የመጡት የዓይን ሐኪሞች ግላኮማ ነው ብለዋቸዋል። ጠብታው ሲያልቅ በሹፌር እናስመጣለን፣ እሱም መንገድ እየተዘጋ አንዳንዴ ይቀራል። ማንም እንዳይሰማ አስምለውናል። በቃ፣ ሰማችሁ።»

ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ሁሉም እኔን አየኝ፤ ወርቅአገኘሁ ብቻ አላየኝም። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ድጓውን በጋቢው ጠቅልሎ ወጣ። በድሩ ውኃ ሰጠኝ። «አብሽሪ» አለኝ። አልጠጣሁትም።

ግላኮማ።

ሙቀት የማይወደው እቃ። ሰማያዊው ሹራብ። ብርጭቆው በቀኝ በኩል። ቅዳሜ ገበያ፣ በቀኛቸው በኩል። አራት ሺህ ዓይን አይቼ።

ጥቅምት 12

አባዬ ዛሬ ጠሩኝ። መደቡ ላይ ነበሩ። ማንነቴን እንዲያውቁ «የትናየት ነኝ» ብዬ ገባሁ። ስሜን እንዲህ ለአባቴ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ተቀመጪ» አሉ። «ወንድምሽን አትቆጪው።»

«እኔ ነኝ የበደልሁት፣ አባዬ።»

«እሱ የእኔን ቃል ጠብቆ፣ አንቺም ሳታውቂ ነው። ሐኪሞቹ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ አሉኝ። የማይመለስ ከሆነ አንቺን ለምን ላስቀርሽ? ብትሰሚ አትሄጂም ነበር።»

«አልሄድም ነበር። የቀረውን እጠብቅልዎ ነበር።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

ፈቀዱልኝና መረመርኋቸው። ፊት ለፊት ተቀመጥሁ፤ አፍንጫዬን እንዲያዩ ነግሬ ጣቴን ከጎን ወደ መሀል እያመጣሁ «ሲታይዎ ይንገሩኝ» አልኋቸው። በቀኝ በኩል ጣቴ ሄደ፣ ሄደ፣ አፍንጫቸው ጋ ሊደርስ ሲል «አሁን» አሉ። በግራው ትንሽ ይሻላል። በቀኛቸው ስቆም በዚያ በኩል ለእሳቸው ማንም የለም። በጉልበታቸው ሥር የተደፋሁ ቀን፣ ገበያ የቆምሁ ቀን፣ አልተቀየሙኝም። እኔ አልነበርሁም።

የራሴን ፖስታ ልነግራቸው ፈለግሁ። አልቻልሁም። ነገ።

ጥቅምት 15

አልነገርኋቸውም።

ቄሰ ገበዙ ቤት መጥተው ነበር። አባዬ ከማኅሌቱ መሪነት ያነሱኛል ብለው የፈሩት ሁሉ ከንቱ ሆነ። «ዓይናቸው ጠፍቶ ዜማ ያቀኑ መምህራንን እኔና አንተ ነን የምናውቃቸው» አሏቸው፤ «ለምን ከእኔ ደበቅህ?» ሁለቱ ሽማግሎች በእኔ ፊት እንዲህ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሲወጡ ለእኔ ሰላምታ ብቻ ሰጡኝ።

ገበያ ሲያዩኝ ወሬ ያቆማሉ። «የገዛ ወንድሟን» ስትል የሰማኋት ሴት አለች። እውነቷን ነው።

ጥቅምት 20

ወርቅአገኘሁ ዛሬ አናገረኝ። ዐሥር ቀኑ ነው። ጓሮ የአባዬን ወረቀቶች በወፍራም ክር እየሰፋ ነበር። አጠገቡ ቆምሁ።

«ይቅር በለኝ» አልሁት።

ክሩን ሳብ አደረገ። «ሻንጣሽን የበረበርሁት እኔ ነኝ። የዓይን ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርሽ፣ ጠብታ ይዘሽ የመጣሽ መስሎኝ። የአባዬ ያለቀው ያን ሳምንት ነው።»

«ወረቀቱን አይተሃል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ለአባዬ...»

«አልነገርሁም። በእኔ ነው የመጣባት ብለው ሲያስቡ ማየት አልፈለግሁም።» ክሩን ቋጠረ። «የእሳቸውን ከአንቺ፣ የአንቺን ከእሳቸው ደብቄ ስዞር ነበር። እና አንቺ ቄሰ ገበዝ ዘንድ ሄድሽ።»

ተቀምጬ ወረቀቶቹን ያዝሁለት፤ እሱ ሰፋ። አልከለከለኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላለም።

አንድ ነገር ግን እሱን እያየሁ ታሰበኝ። መርፌውን ጣለና ሲፈልግ እጁን መሬቱ ላይ በሰፊው አዞረ። መርፌው በቀኝ እግሩ በኩል ነበር። እኔ አነሳሁለት። ሰው ሁሉ መርፌ ይጥላል። በየሰው ዓይን በሽታ መፈለግ ጀምሬያለሁ።

ጥቅምት 21

«አንተም መታየት አለብህ» አልሁት። «ጤነኛ ነኝ» አለ። ደገምሁለት። «የመመርመር አባዜ ያዘሽ» አለ። የግላኮማ በሽተኛ ልጅ ከሌላ ሰው ይበልጥ እንደሚያሰጋው ነገርሁት። ሰምቶ ወጣ።

ለአባዬ የራሴን ነገርኋቸው። ወረቀቱን አነበብሁላቸው። «ተጠርጣሪ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ጥርጣሬ ከሆነ ገና አልተፈረደም ማለት ነው» አሉ። ፊታቸው ግን ወርቅአገኘሁ የፈራውን መሰለ።

ኅዳር 2

መንገዱ ተከፈተ። አባዬ፣ ወርቅአገኘሁና እኔ ለዓይን ሕክምና በሚኒባስ ደሴ መጣን። አባዬ ከመስኮቱ ርቀው መሀል ተቀመጡ። ወልድያ ስንደርስ «አሁን ቆላ ገባን» አሉ፤ በሙቀቱ ነው ያወቁት።

ኅዳር 3

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ትናገራለች። የአባዬ ቀኝ ዓይን ከእንግዲህ ብርሃን ከመለየት አያልፍም፤ አሁን ግራውን በሁለት ዓይነት ጠብታ ለማቆየት ትሞክራለች። ካልያዘ ቀዶ ሕክምና። «በግንቦት ከጀመሩ ወዲህ ሳይቋረጥ ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና አባዬን አይታ ተወችው።

የእኔ አሁንም ያጠራጥራል። ግፊቱ ደህና ነው። መድኃኒት የለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ።

ወርቅአገኘሁ ከበረንዳው አልነሳም አለ። አባዬ ቡና ሊጠጡ ከዘመድ ጋር ሲሄዱ እጁን ይዤ አስገባሁት። ማሽኑ ላይ አገጩን አስቀመጠ። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከሐኪሟ ቀድሜ አየሁት።

የቀኙ ነርቭ ተበልቷል። ከግማሽ በላይ። ግራውንም ጀምሮታል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ምንም አልተሰማውም። በሽታው እንዲህ ነው፣ አይሰማም።

ሐኪሟ ስታስረዳው እንደ አስጎብኚ ራሱን እየነቀነቀ በትሕትና አዳመጣት። ደረጃው ላይ ስንወርድ ለእሱ የታዘዘውን ጠብታ ፌስታል በኮቱ ውስጥ ከተተ።

«ለአባዬ እንዳትነግሪያቸው» አለኝ።

«አልነግርም። አንተ ትነግራቸዋለህ።»

«የትናየት።»

«እኔ አልነግርም አልሁህ። ግን ሲጠይቁኝ አልዋሽም።»

ኮቱን ቆልፎ ቀድሞኝ ወረደ።

ኅዳር 5

ገባን። የዘንድሮ ጽጌ ዛሬ ማታ ያበቃል፤ አባዬ የመጨረሻውን ማኅሌት ሊመሩ ይወጣሉ። ከነገ በስቲያ እኔ ወደ ግቢ እመለሳለሁ፤ ጥሪው መጥቷል።

አመሻሽ ላይ እማዬን ጠብታ አደራረግ አስተማርኋት። አባዬ መደቡ ላይ ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀና አደረጉ። የታችኛውን ሽፋን ሳብ፣ አንድ ጠብታ፣ ዓይን ጭፍን፣ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለተኛው። እማዬ የመጀመሪያውን ሳተችውና ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ገባ። «ቀዘቀዘኝ» አሉ።

ወርቅአገኘሁ እስከዚያ በር ላይ ቆሞ ነበር። ገባና ከአባዬ በቀኝ በኩል ተቀመጠ። ከኮቱ ጠርሙሱን አወጣ።

አባዬ መደቡ ሲንቀሳቀስ ተሰማቸው። «ማነው የተቀመጠው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ማኅሌቱ ገና ነው፣ ልብስህን ቀይር።»

«እቀይራለሁ። ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።»

እማዬ ጠርሙሱን አየች፤ እኔን አየችኝ። አባዬ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቆዩ። ገባቸው። ከዚያ እጃቸውን በዚያ በማያዩት በኩል ሰደው የወርቅአገኘሁን ጉልበት አገኙና ያዙት፤ ወደ ግራ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ራስህን ወደ ኋላ አድርግ» አሉት። «እንዲህ። ይቀዘቅዛል፣ አትፍራ።»

እማዬ ጠርሙሱን ተቀበለችው። ይህኛው ጉንጩ ላይ አልፈሰሰም።

ደወል ሊደወል ነው። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጥተዋል፤ ማን ማንን እንደሚመራ ከኋላ ሳያቸው አልታወቀኝም።